የሕመምተኛዋ ቃል

ጠያቂዋ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ትመጣለች። ትመጣለች የሚባለው በልማድ ነው እንጂ በር አታንኳኳም። ድምፅዋ የሚሰማው ከአልጋው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ ከተገጠመች የድስት ክዳን የምታክል ክብ ነገር ውስጥ ነው። ቃሏ አይለወጥም፤ «እንደምን አደሩ ወይዘሮ ሶልያና? ዛሬ እንዴት ነዎት?»

ሶልያና ከዚያ በፊት ሩብ ሰዓት ቀደም ብላ ትነሳለች። ትራሱን ከጀርባዋ ታቆማለች፣ መድኃኒቱ የመለጠውን ራሷን በነጭ ሻሽ ትሸፍናለች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርጋለች። እንግዳ ተኝተው አይቀበሉትም። ጥያቄው ሲመጣም ወደ ግድግዳው ዞር ብላ፣ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ። አንቺስ እንዴት አደርሽ?» ትላለች።

ጠያቂዋ «ደህና መሆንዎን መዝግቤአለሁ» ብላ ትሄዳለች።

ልጅየዋ አስካለ ይህን ንግግር ከወጥ ቤት ሆና ትሰማለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመሬት መዝገብ ቢሮ ካርታ ታርማለች። እናቷ ከታመመች ወዲህ ሥራዋን ከቤት ትሠራለች። ሶልያና በተወለደችበት ዘመን ስሟ የሕፃናት ስም ነበር። ዛሬ መዋለ ሕፃናት ውስጥ ሶልያና የምትባል ልጅ ብትገኝ ጓደኞቿ የአያት ስም ነው ብለው ይስቁባታል። አስካለ የሚለው ግን እንደ አዲስ ተመልሶ የመጣ ስም ነው።

ሕመሙ የእንቁላል እጢ ካንሰር ነው። መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል፤ ስድስት ዙር ነው። ቶሎ ቶሎ የሚራባውን ሁሉ ይገድላል። ካንሰሩ ቶሎ ይራባል፤ መቅኒ ውስጥ የሚፈጠሩት፣ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎችም ቶሎ ይራባሉ። መድኃኒቱ አይለይም። ሰዉ እነዚህን ሴሎች ዘበኞች ይላቸዋል። በየዙሩ አሥረኛ ቀን ገደማ ዘበኞቹ ያልቃሉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ይመለሳሉ። ከአምስተኛው ዙር በኋላ ግን አልተመለሱም።

ስንት እንደቀሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሶልያና እጅ ላይ ያለው አምባር የቆጠረውን ቁጥር ከበሩ በላይ ያለው መብራት በቀይ ይጽፈዋል፤ ቁጥሩ ያነሰበት ሰው ያለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ነው። ጎረቤት በጠዋት ሲያልፍ ቀና ብሎ ያይና ባልንጀራው «ዛሬ ስንት ገባ?» ሲለው ይነግረዋል፣ የጤፍ ዋጋ የሚነግር ይመስል። መግባት ክልክል ነው። ሊጠይቅ የመጣ ሰው መንገዱ ላይ በሚበራው ነጭ መስመር ቆሞ «እግዜር ይማርሽ» ይልና ያመጣውን ምግብ በሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ሳጥኑ ምግቡን እንደገና አፍልቶ ያስገባል። ብርቱካን ያመጡ እንደሆነ ማርማላታ የሚመስል ትኩስ ነገር ይወጣል። ሶልያና ይህንኑ በማንኪያ እየቀመሰች ያመጣውን ሰው ትመርቃለች።

ስድስተኛው ዙር ሁለት ጊዜ ተላልፏል። የመጀመሪያው ቀን ሲደርስ በሩ ላይ 640 ይል ነበር፤ በሳምንቱ 710። ሦስተኛው ቀጠሮ ከሚመጣው ረቡዕ ቀጥሎ ያለው ረቡዕ ነው።

ዓርብ ዕለት አስካለ ወደ ሕክምና ማእከሉ መዝገብ ክፍል ሄደች። መስኮቱ ጋ የምትለውን በመንገድ ላይ አራት ጊዜ ተለማምዳዋለች። ተራዋ ሲደርስ ግን የመጣላት ግማሹ ነው። ሠራተኛው ደምሴ የሚባል ወጣት ነበር። ሳያቋርጣት ሰማትና ደንቡን ነገራት። ቁጥሩ ከአንድ ሺህ በታች የሆነ ሰው መድኃኒት አያገኝም። ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በላይ የሆነ በቀጥታ ይገባል። በመካከሉ ያለውን የሕመምተኛው ቃል ይወስነዋል። ሦስት ቀጠሮ ያለፈው ሰው መዝገብ ግን ወደ ማረፊያ ይዛወራል። ማረፊያ ማስታገሻ፣ ለስላሳ ፍራሽና መዝሙር ያለበት ሕንፃ ነው። ከዚያ ወደ መድኃኒት የተመለሰ ሰው አስካለ አልሰማችም፤ ደምሴም አልሰማም።

የዘበኞችን ቁጥር የሚያነሳ መርፌ እንዳለ እንደምታውቅ ነገረችው። ለምን ለእናቷ እንዳልታዘዘም ጠየቀች። ደምሴ ሰሌዳውን ወደ እሷ አዞረው። መቶ አሥራ ስምንት ጠዋት ተደርድሯል። ከእያንዳንዱ ቀን ትይዩ «ደህና ነኝ» የሚል ተጽፏል። በሦስተኛው ዙር አሥራ አንደኛ ቀን ላይ ጣቱን አቆመ።

መሣሪያ፦ ትኩሳት 38.7። ሕመምተኛ፦ ደህና ነኝ። ውሳኔ፦ የመሣሪያ ስህተት።

አስካለ ያን ቀን ታስታውሰዋለች። እናቷ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነበር። አስካለ እየሮጠች ውኃ ስታመጣ፣ ሶልያና ከግድግዳው ጋር ሰላምታ ትለዋወጥ ነበር።

ደምሴ ሕጉ ክፉ ሕግ እንዳልሆነ አስረዳት። አስካለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች ነው የወጣው። መሣሪያው እያለ ሰው አይሰማም፣ አመመኝ ስንል ቁጥርሽ ጥሩ ነው ይሉናል ብሎ ሕዝቡ ስለተማረረ፣ የሕመምተኛ ቃል ከመሣሪያ ንባብ ይበልጣል ተብሎ ታወጀ። መርፌው የሚሰጠው ደግሞ ሕመም ለተመዘገበለት ሰው ነው። የእናቷ መዝገብ ላይ ሕመም የለም።

«እህቴ፣ እዚህ መስኮት የሚመጣ ሰው ሁሉ መሣሪያው ዋሽቷል ይለኛል» አለ ደምሴ። «መሣሪያው አልዋሸም። የዋሹት እናትሽ ናቸው።»

«አልዋሸችም። ለሰላምታ ነው የመለሰችው።»

«ሰላምታ የሚመዘገብበት ቦታ የለንም።»

ይህን ያለው በማሾፍ አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የቀረውን መንገድ ነገራት። ሕመምተኛዋ በራሷ አንደበት ሦስት ተከታታይ ጠዋት ሕመሟን ከተናገረች መርፌው በማግስቱ ይመጣል። ልጅ ስለ እናት መመለስ አይችልም። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ መኖሩና መናገሩ ግን አልተከለከለም። የእሱም እናት እንዲሁ ነበሩ አላት።

ቤት ስትደርስ ሁሉንም ለእናቷ አስረዳቻት። ሶልያና በጥሞና ሰማች፤ ሦስት ጊዜም «ይገባኛል» አለች። ቀጥላ ግን እንግዳ ቤቷ መጥቶ እንዴት ነሽ ሲላት ቁስሏን ገልጣ እንዴት እንደምታሳየው ጠየቀች። አስካለ ጠያቂዋ እንግዳ እንዳልሆነች፣ ሰውም እንዳልሆነች ነገረቻት። ሶልያና በየቀኑ እየመጣ የሚጠይቅ ማን አለ ብላ ተከራከረች። ከእሷ የባሰ ስንት ሰው እንዳለም አስታወሰች። በመጨረሻም እውነተኛው ምክንያት ወጣ። ፊት ለፊት ቤት ትኖር የነበረችው ናኦሚ በዚያው በሽታ ስትታከም ለጠያቂዋ አንድም ሳታስቀር ትናገር ነበር። መድኃኒቷን ቀነሱባት።

«ከዚያ የሆነውን ታውቂያለሽ» አለች ሶልያና።

አስካለ ታውቀዋለች። ናኦሚ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖራ በመኪና አደጋ ነው የሞተችው። ሆኖም ይህን ማንሳቱ የሚጠቅም አልመሰላትም። ሶልያና ለማንኛውም ነገ እናገራለሁ ብላ ቃል ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ፣ ትንሽ ብቻ አፌን…» እንዳለች ጠያቂዋ ደህና መሆኗን መዝግባ ሄደች። አስካለ ወጥ ቤት ገባች። ጮኾ መናገር አታውቅበትም፤ ስትናደድ ዕቃ ታጥባለች። ትናንት የታጠበውን ብረት ድስት አውርዳ እንደገና አጠበችው። ከዚያ በትልልቁ ጻፈች፦ ትኩሳት አለብኝ። አፌ ቆስሏል። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። እሑድ ጠዋት ወረቀቱን ሰጠቻት። ሶልያና መነጽሯን አድርጋ፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ተዘጋጀች። ጥያቄው ሲመጣ ግን ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች። ከዚያ ቀና አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ከአስካለ በቀር የሚሰማት አልነበረም፤ ጠያቂዋ ሄዳለች። ሶልያና ግን ሦስቱንም መስመር አንብባ ጨረሰች።

«ሰላምታውን ዘልሎ መጀመር እኮ ድፍረት ነው» አለች፤ ይቅርታ እንደመጠየቅ።

አስካለ ሁለት ድስት አጠበች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ናታን መጣ። ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር፣ የአውቶቡስ ሹፌርነቱን በጡረታ የተወ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ነጭ መስመሩ ላይ ቆሞ በመስኮቱ አሻግሮ ሶልያናን አያት። የሚያጽናና ነገር የፈለገ ይመስላል፣ «ዛሬስ ፊትሽ ጥሩ ነው፤ ወፈር ብለሻል» አላት።

ሶልያና ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ምን እወፍራለሁ፣ አብጬ ነው እንጂ። ሲያንቀጠቅጠኝ ነው ያደረው። ምራቄን መዋጥ አቅቶኛል፣ አፌ ውስጡ ሥጋ ብቻ ሆኗል። የጣቶቼ ጫፍ ሞቷል፤ ትናንት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። ወገቤማ አይነሳ።»

አስካለ በእጇ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠች። ይህን እንዴት እንደረሳችው ገረማት። እናቷ ዕድሜዋን በሙሉ እንዲህ ነች። እንዴት ነሽ ላላት ደህና ነኝ ትላለች፤ አምሮብሻል ላላት ግን የሌለባትን በሽታ ሳይቀር ትቆጥርለታለች። አማረብሽ የተባለ ሰው ዝም ካለ ዓይን ይይዘዋል። ስለዚህ መከራን ቶሎ ቶሎ ዘርዝሮ ያንን ዓይን ማባረር ያስፈልጋል። ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ሕመምተኛን እንዴት ነዎት ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው ያስተማሩት።

ሰኞ በአንድ ሰዓት አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ጠያቂዋ ጥያቄዋን እንደጨረሰች፣ እናቷ አፏን ሳትከፍት ቀደመቻት። «እማ፣ ዛሬ እንዴት አምሮብሻል። ጉንጭሽ ሞልቷል።» ሰውን ማሞገስ ስለማይሆንላት ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ሶልያና ደነገጠች። «እንዲህ አትበይ። የቱ ጉንጬ ነው የሞላው?» ብላ ጀመረችና ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ቅሏ ቆጠረችው። ስታበቃ ከግድግዳው፣ «ሰባት ምልክቶች መዝግቤአለሁ። ይማርዎት» የሚል ድምፅ መጣ።

ሶልያና ወደ ግድግዳው ለጥቂት ጊዜ ተመለከተች። «ይማርሽ ማለትም ታውቃለች እንዴ?» አለች። ቅር ያላት ይመስል ነበር። በመቶ ሃያ ቀን ጉርብትና ይህን አንድም ቀን አልሰማችውም።

ማክሰኞ ግን አስካለ ገና ስትቀመጥ እናቷ በጎን አየቻት። «ዛሬ ደግሞ ውፍረቴን በኪሎ ልትነግሪኝ ነው?» አለች። አስካለ ይህ እንደሚመጣ ጠርጥራ ስለነበር ጋሽ ናታንን በስልክ ለምናዋለች። ሰውየው በሰዓቱ መስመሩ ላይ ተገኘ፤ ጥያቄው እንዳበቃም በመስኮቱ በኩል፣ ከሩቅ ሲያያት ልጅየዋ መስላው እንደነበረ ነገራት። ሶልያና ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ «እትፍ በልብኝ፣ ናታን» አለችው። ጋሽ ናታን ከመስመሩ ላይ እትፍ አለ፤ የመንገዱ ጠባቂ ካሜራ ወዲያው የቅጣት ማስጠንቀቂያ አነበበበት። ሶልያና በዚያ መሐል አምስት ሕመም ቆጠረች። ተመዘገበ።

ረቡዕ ጠዋት በሩ ላይ 480 ይላል። ቁጥሩ ከአምስት መቶ ሲወርድ ነጩ መስመር ይጠፋና ሌላ መስመር ከመንገዱ ማዶ ይበራል። ጋሽ ናታን ከዚያ ሆኖ ሲናገር አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፁ አይደርስም። ሶልያና አልተነሳችም። ሻሿን አላሰረችም፤ ነጠላውም ወንበሩ ላይ ቀርቷል።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ሶልያና? ዛሬ እንዴት ነዎት?»

አስካለ የተዘጋጀችበትን ቃል ልትናገር አፏን ከፈተች። የእናቷን ፊት አየች። ለመዋሸትም የሚዋሽበት ቦታ ያስፈልጋል፤ እዚያ ፊት ላይ ቦታ አልነበረም። አፏን ዘጋች። መዝገቡ፣ ማረፊያው፣ መቶ አሥራ ስምንቱ ጠዋት በአንድ ጊዜ ፊቷ ድቅን አሉ። እናቷን መቆጣት አማራት፤ መቆጣትም አቃታት።

ጠያቂዋ ጥያቄዋን ደገመች። ሦስተኛ አትጠይቅም።

ሶልያና ልጇን ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ደህና አይደለሁም» አለች። ቃሉን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ እንደቀመሰች ሁሉ ደገመችው። «ደህና አይደለሁም፣ ልጄ። በርዶኛል። አፌ ቆስሏል። ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም። ደግሞ እፈራለሁ።»

«ሦስት ምልክቶች መዝግቤአለሁ» አለች ጠያቂዋ። «ፍርሃት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይማርዎት።»

መርፌው ሐሙስ ጠዋት ደረሰ። የባዶ መቅኒን ሥራ የሚያስጀምር መርፌ ነውና ከአጥንት ውስጥ ያማል። ሶልያና ዓርብና ቅዳሜ ድምፅ አውጥታ አቃሰተች። አስካለ እናቷ ስታቃስት ስትሰማ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። ሥራ ጀመረ ማለት ነው ብላ ደስ አላት፤ ደስ ማለቱም አሳፈራት። ቁጥሩ ዓርብ 520፣ እሑድ 830፣ ማክሰኞ 1100 ሆነ። ሰፈሩ ነጩ መስመር ላይ እየቆመ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። ጋሽ ናታን ወደ ቀድሞው መስመሩ ተመልሶ ብርቱካን አስቀመጠ።

የቀጠሮው ረቡዕ 1240 ይላል። ማለፊያው አይደለም፤ መውደቂያውም አይደለም።

በማእከሉ መኪና ሲሄዱ አስካለ በልቧ ስታሰላ ነበር። ያለፈው ዙር ሲጀመር ቁጥሩ 1600 ነበር፤ እስከ 480 ወረደ። ከ1240 ቢጀምር የት ይወርዳል? እዚያ ታች ሲደርስ ተራ ጉንፋን ይበቃል። ዛሬ ካልገባች ደግሞ መዝገቡ ከሰዓት በኋላ ይዛወራል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ደጋግማ አየቻቸው፤ የትኛውም የተሻለ አልሆነም። ሶልያና ግን በመስኮቱ እያየች፣ ሰማዩ ዛሬ ጥርት ማለቱን ተናገረች። ሻሿን አሳምራ አስራለች። አስካለ እጇን ልትይዝ ፈለገች፤ ሳይነካኩ እንዲቀመጡ በመካከላቸው መስታወት አለ።

መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍል በር ጠባብ ነው፤ የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሶልያና ፊት ለፊቱ ቆመች። አስካለ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ነበረች። ከበሩ በላይ የታወቀው ድምፅ መጣ።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ሶልያና? ቁጥርዎ በመካከል ነው። ቃልዎ ይወስናል። ዛሬ እንዴት ነዎት?»

አስካለ የእናቷን ጀርባ አየች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ለማየት ሞከረች። ነጠላው ወፍራም ስለሆነ አይታይም። ሶልያና ወደ ኋላ ዞራ አንዴ ፈገግ አለችላት። ለእንግዳ የምታሳየው ፈገግታ ይሁን ለልጇ የምታሳየው፣ አስካለ ለይታ አታውቀውም ነበር።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች ሶልያና። «አንቺስ እንዴት አደርሽ?»

«ደህና መሆንዎን መዝግቤአለሁ።»

በሩ ተከፈተ። ሶልያና ገባች። በሩ ተዘጋ።

ከበሩ ጎን ያለው ሰሌዳ ላይ ጽሑፉ ወጣ። አስካለ ቀረብ ብላ አነበበችው።

መሣሪያ፦ ትኩሳት 38.1። ሕመምተኛ፦ ደህና ነኝ። ውሳኔ፦ የመሣሪያ ስህተት።

ሁለተኛ አነበበችው። የበሩን እጀታ ነካችው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ለእሷም አይከፈትም። ከሕመምተኛዋ በቀር የማንም ቃል እንደማይቀበል ታውቃለች። ለአስታማሚዎች በተቀመጠው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እዚህ የሚታጠብ ዕቃ የለም፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ አስቀመጠች።

ከመዝገብ ክፍሉ በኩል ደምሴ ወረቀት ይዞ መጣ። አወቃትና ቆመ። ዓይኑ ወደ ሰሌዳው ሄደ፤ አነበበው፤ ተመለሰ።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?» አላት።

አስካለ «ተመስገን» ልትል ምላሷ ተነሣ። ያዘችው።

«አላውቅም» አለች።